አባል መመዝገብስ ቀላል ነው

«የአባላት ጉዳይ ኦፊሰር»፣ «የማኅበረሰብ ተሳትፎ ባለሙያ»፣ «የአባላት ልማት ኃላፊ»። በሥራ ማስታወቂያ ላይ ስያሜው እንደ መሥሪያ ቤቱ ይለያያል። ሥራው ግን አንድ ነው፦ ሰው በፈቃዱ የገባበትን ማኅበር በፈቃዱ ጥሎ እንዳይሄድ ማድረግ። ከቁጠባና ብድር ማኅበራት፣ ከሙያ ማኅበራት፣ ከእድሮችና በውጭ አገር ካሉ ኮሚዩኒቲዎች የደረሱንን ጥያቄዎች በዚህ እትም በአንድ ላይ መልሰናል።

ከባሕር ዳር፦ በሶሲዮሎጂ ተመርቄ በአንድ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ፕሮጀክት ውስጥ ለሁለት ዓመት ተኩል የማኅበረሰብ ሞቢላይዘር (አስተባባሪ) ሆኜ ሠርቻለሁ። ፕሮጀክቱ በሰኔ ያልቃል። አንድ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር «የአባላት ጉዳይ ኦፊሰር» ይፈልጋል። ሥራው ያው ነው? ለፈተናው ምን ልዘጋጅ?

እህታችን፣ ግማሹ ያው ነው። ቤት ለቤት መዞሩን፣ ከቀበሌና ከእድር ሽማግሌዎች ጋር መነጋገሩን፣ ስብሰባ ሳይበተን መምራቱን ይዘሽው ትሄጃለሽ። የሚለየው ገንዘቡ የሚመጣበት አቅጣጫ ነው። በፕሮጀክት ገንዘቡ ከለጋሹ ወደ ተሳታፊው ይሄዳል፤ ሰው ለስልጠና ሲመጣ አበልም ሻይም አለ፤ የሪፖርቱ ማስረጃም የፊርማ ወረቀቱ ነው። በኅብረት ሥራ ማኅበር ግን ከፋዩ አባሉ ራሱ ነው። ስለዚህ ፊትሽ ቆሞ «የቆጠብኩት ስንት ደረሰ? ብድሬ ለምን ዘገየ?» ይልሻል። ደብተሩን ገልጠሽ መልስ ካልሰጠሽው የማስተባበር ችሎታሽ አያድንሽም።

ለፈተናው ከሁሉ በፊት የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ፈልጊ። አባል ሆነሽም ሆነ ጠይቀሽ ማግኘት ይቻላል። አራት ነገር ለይተሽ አንብቢ፦ አባል እንዴት ይገባል፣ ሲለቅ ምን ይመለስለታል፣ በስንት ጊዜ ይመለስለታል፣ የብድሩ ጣሪያ ከቁጠባው ስንት እጥፍ ነው። ከዚያ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009ን ተመልከቺ። ፈታኞች ደጋግመው የሚያመጧት ጥያቄ አለች፦ ብዙ ዕጣ (የማኅበሩን ድርሻ) የገዛ አባል ስንት ድምፅ አለው? ዕጣው ቢበዛም ቢያንስም አንድ ድምፅ ነው። ይህችን የሚስቱ አመልካቾች ብዙ ናቸው፤ ድምፅ በድርሻ የሚቆጠርበትን አክሲዮን ማኅበር እያሰቡ ይመስለናል።

የጽሑፍ ፈተናው ብዙውን ጊዜ ኤክሴል ነው። ፊልተር ማድረግ፣ የተደጋገመ ስም ማውጣት፣ «በሐምሌ ስንት አባል ቆጠበ» የሚለውን በፒቮት ቴብል (ረጅም ዝርዝርን ደምሮ በሚያሳይ ሠንጠረዥ) መመለስ ከቻልሽ ይበቃሻል። ሲቪሽ ላይ «ለማኅበረሰቡ ግንዛቤ አስጨብጫለሁ» የሚለውን ሰርዢ። ሁሉም የሚጽፈው ነው፤ ማንም አያነበውም። በምትኩ በስንት ቀበሌ ስንት አባወራ እንደጎበኘሽ፣ ከስድስት ወር በኋላ ስንቱ የተማረውን እየሠራበት እንደነበር በቁጥር ጻፊ። ሁለተኛው ቁጥር ከሌለሽ ፕሮጀክቱ ሳይዘጋ ውጪና ቁጠሪ፤ ሰኔ ገና ነው።

ውል ስትፈርሚ፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ጡረታ ከደመወዝሽ 7 በመቶ ከአንቺ፣ 11 በመቶ ከአሠሪው ነው። ደመወዙ ሙሉ በሙሉ ባስመዘገብሽው ሰው ቁጥር የሚከፈል ከሆነ ግን አትቀበዪ፤ ምክንያቱን ለአዳማው አንባቢ በሰጠነው መልስ ታገኚዋለሽ። አሁን ካለሽበት ድርጅት ስትወጪ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ጊዜሽንና ደመወዝሽን የሚገልጽ የሥራ ልምድ ማስረጃ ያለ ክፍያ የማግኘት መብት አለሽ። ድርጅቱ ቢሮውን ከመዝጋቱ በፊት ተቀበዪ።

ከአዲስ አበባ፦ በአንድ የሙያ ማኅበር የአባላት ጉዳይ ኦፊሰር ሆኜ ከተቀጠርኩ ሁለት ወሬ ነው። መዝገቡ ላይ 1,200 አባላት አሉ፤ ዓመታዊ መዋጮ የከፈሉት ግን ከ400 አይበልጡም። ሥራ አስኪያጁ በዓመት 500 አዲስ አባል እንዳመጣ ዕቅድ ሰጥቶኛል። ከየት ልጀምር?

ከአዲሶቹ እንዳይጀምሩ። ቂጡ በተቀደደ ጆንያ እህል መሙላት ይሆንብዎታል። መጀመሪያ 1,200 የሚባሉት እነማን እንደሆኑ ይወቁ።

በአንድ ሳምንት የሚያልቅ ፍተሻ እንንገርዎ። ከመዝገቡ በየ20ው አንድ ስም ይምረጡ፤ 60 ሰው ይወጣል። ሁሉንም ይደውሉላቸውና በሦስት ይክፈሏቸው፦ «አዎ፣ አባል ነኝ» ያለ፤ ስልኩ የማይሠራ ወይም የሌላ ሰው የሆነ፤ የለቀቀ፣ አገር የቀየረ ወይም ያረፈ። ለምሳሌ 27ቱ «አባል ነኝ» ቢሉ 45 በመቶ ነው፤ ከ1,200ው ወደ 540 መሆኑ ነው። ናሙናው ትንሽ ስለሆነ እውነተኛው ቁጥር ከ400 እስከ 700 ባለው መካከል ሊሆን ይችላል። ለሥራ አስኪያጁ የዕቅድ ክለሳ ለመጠየቅ ግን ይህ ይበቃል። በግምት ከመከራከር የ60 ሰው ዝርዝር ይዞ መግባት ይሻላል።

ቀጥሎ የመዝገብ ጽዳት ነው። በአማርኛ መዝገብ ላይ ሦስት ነገር ደጋግሞ ያስቸግራል።

አንደኛው ፊደል ነው። «ኃይሌ»፣ «ሃይሌ» እና «ሀይሌ» ለእኛ አንድ ሰው ናቸው፤ ለኤክሴል ግን ሦስት ናቸው። «ፀሐይ» እና «ጸሃይ»ም እንደዚያው። የተደጋገመ ስም በኤክሴል ቢፈልጉ አያገኘውም። መፍትሔው ከስም ዓምዱ ጎን ሌላ ዓምድ ከፍቶ ስሙን መገልበጥ፣ በዚያኛው ላይ ብቻ ሐ፣ ኀ፣ ሃ እና ኃን ወደ ሀ፤ ሠን ወደ ሰ፤ ዐ፣ ኣ እና ዓን ወደ አ፤ ፀን ወደ ጸ መለወጥ ነው። የሌሎቹንም ረድፎች (ሑ፣ ሒ፣ ፅ የመሳሰሉትን) አይርሱ። ድግግሞሹን በዚህኛው ዓምድ ይፈልጉ። የመጀመሪያውን የስም ዓምድ ግን አይንኩ፤ ሰው ስሙ በለመደው ፊደል ተጽፎ ማየት ይፈልጋል፤ የምስክር ወረቀት ሲሰጥ ደግሞ ይብስበታል። ስም ከነአባትና አያት በሦስት የተለያየ ዓምድ ይሁን።

ሁለተኛው ቀን ነው። ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጅ አቆጣጠርን ነው። ጥቅምት 30ን «30/2/2010» ብለው ቢጽፉ እንዲህ ያለ ቀን በፌብሩዋሪ ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይይዘዋል፤ ጳጉሜንማ ጭራሽ አያውቃትም። ስለዚህ ግማሹ ዓምድ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ይሆንና ቅደም ተከተሉ ይበላሻል። ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት ዓምድ ለይተው በቁጥር ይጻፉ።

ሦስተኛው ስልክ ነው። ከ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ በፊት የተመዘገበ ቁጥር ዲጂቱ አጭር ነው፤ የአዲስ አበባ መደበኛ ስልክ በ01 ይጀምር ነበር፤ አሁን 011 ነው። ሁለት ሲም የያዘ አባል ደግሞ አንዴ በ09፣ አንዴ በ07 ተመዝግቦ ሁለት ሰው ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ከዚያ ለሁሉም የአባልነት ቁጥር ይስጡ። የለቀቀ ሰው ቁጥር ለሌላ እንዳይሰጥ፤ ሂሳብ የሚደባለቀው እዚያ ጋ ነው።

ስልኩን በቀን 30 ቢያደርሱ 1,200ው በ40 የሥራ ቀን ያልቃል። ሰው የሚያነሳው በምሳ ሰዓት፣ ከቀኑ 6፡30 እስከ 7፡30፣ እና ከ11 ሰዓት በኋላ ነው። በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ላይ ስለ መዋጮ አያንሡ። አድራሻ እያደሱ እንደሆነ ይንገሩ፣ አሁን የት እንደሚሠራ ይጠይቁ፣ ማኅበሩ ባለፈው ዓመት የጠቀመው ነገር ካለ ይጠይቁ። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ዝም ካለ ያ ዝምታ መረጃ ነው፤ ይመዝግቡት። መዋጮውን ራሱ ያነሳዋል።

አሁን ልብ የሚሉት ስሌት። ሐምሌ 1 ላይ 640 ከፋይ አባል ነበረ እንበል። በዓመቱ 180 አዲስ ገባ። ሰኔ 30 ላይ 700 ሆነ። ሪፖርቱ «አባላት ከ640 ወደ 700 አደጉ» ብሎ ያጨበጭባል። ከ700ው 180ውን ሲቀንሱ ግን ከነባሮቹ የቆዩት 520 ብቻ ናቸው። 520 ለ640 ሲካፈል 81 በመቶ ነው፤ 120 ሰው በአንድ ዓመት ሄዷል። ይህንን ቁጥር በየዓመቱ የሚያወጣ ማኅበር ብዙ አይደለም። እርስዎ ቢያወጡት ሙያዎ ይህ እንደሆነ ሰው ያያል። ለብቻው ደግሞ የአንደኛ ዓመቶቹን ያስሉ፦ አምና ከገቡት ስንቱ ዘንድሮ ከፈለ? መፍሰሻው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው። ሰው ተመዝግቦ፣ ካርኒ ተቀብሎ፣ እስከ ቀጣዩ የክፍያ ማስታወሻ ድረስ ምንም ካልሰማ ምን ብሎ ይከፍላል? በገባ በሳምንቱ ይደውሉለት። በወሩ አንድ የሚጨበጥ ነገር ይድረሰው። በሦስተኛው ወር ትንሽ ሥራ ይስጡት፤ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ መያዝም ቢሆን። ሥራ የያዘ ሰው ይቆያል።

የጽሑፍ መልእክት ሲልኩ ደግሞ፦ በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ሆሄ ይይዛል። በግዕዝ ፊደል ግን 70 ብቻ ነው። ከ70 ካለፈ በ67፣ በ67 ተቆራርጦ የሁለትና የሦስት መልእክት ሂሳብ ያስከፍላል። በላቲን በተጻፈ መልእክት መሐል አንድ የአማርኛ ፊደል ብትገባ እንኳ ሙሉው በ70 ይቆጠራል። «ውድ አባል፣ የ2018 መዋጮ 600 ብር እስከ ሐምሌ 30 ይክፈሉ። አባል ቁጥር 0412።» የሚለው ክፍት ቦታን ጨምሮ 55 ነው፤ ለስልክ ቁጥር ቦታ ይተርፋል። «ለተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት በሙሉ እንደምን ሰነበታችሁ» ብለው ከጀመሩ ግን ፍሬ ነገሩ ላይ ሳይደርሱ ከሰባው ከግማሽ በላዩ ያልቅብዎታል። መስከረም ላይ አያስከፍሉ፤ በዓልና የትምህርት ቤት ክፍያ ቀድመውዎታል።

ከአዳማ፦ የቁጠባና ብድር ማኅበራችን 1,500 አባላት አሉት። ሰው ብድር እስኪያገኝ ይቆጥባል፣ ብድሩን ከፍሎ በጨረሰ ማግስት መልቀቂያ ያስገባል። እንዴት እናቁመው?

ችግሩ ብድሩን ሲጨርስ ሳይሆን ሲመዘገብ የጀመረ ነው። መልማዮቹ በር ላይ ምን እንደሚሉ ያዳምጡ። «ስድስት ወር ይቆጥቡ፣ ሦስት እጥፍ ይበደሩ» ከሆነ የሚመጣው ሰው ተበዳሪ ነው። ሂሳቡን ይሥሩት፦ በወር 1,000 ብር የቆጠበ በስድስት ወር 6,000 ይኖረዋል፤ በሦስት እጥፍ 18,000 ይበደራል። ከዚያ ውስጥ 12,000ው የሌሎች አባላት ገንዘብ ነው። እንዲህ ያለ 100 ሰው በአንድ ጊዜ ቢያመለክት 1.2 ሚሊዮን ብር ከሌላ ቆጣቢ መገኘት አለበት። ቆጥቦ የማይበደር አባል ከሌለ የብድር ወረፋው ይረዝማል፤ ወረፋው ሲረዝም ነባሮቹ ይናደዳሉ፤ መልቀቅ ይጀምራሉ፤ ሲለቁ ቁጠባቸው ይወጣል፤ ወረፋው ደግሞ ይብስበታል። ብዙ ማኅበር የሚዳከመው በዚህ አዙሪት ነው፤ ገንዘብ የበላ ሰው ኖሮ ብቻ አይደለም።

መልማዮች ባስመዘገቡት ሰው ቁጥር የሚከፈላቸው ከሆነ ክፍያውን ለሁለት ይክፈሉት፦ ግማሹ አባሉ ሲመዘገብ፣ ግማሹ ስድስት ወር ሳያቋርጥ ሲቆጥብ። የተመዝጋቢው ቁጥር ሊቀንስ ይችላል፤ አትደንግጡ።

ከዚያ የሂሳብ ክፍሉን በየወሩ አንድ ዝርዝር ይጠይቁ፦ በሚቀጥሉት ሁለት ወራት ብድራቸው የሚያልቅ አባላት። ማነጋገር ያለብዎ ያኔ ነው፤ መልቀቂያ ከገባ በኋላ የሚደረግ ልመና እምብዛም አይሠራም። በወር 1,700 ብር ለብድር ሲከፍል የኖረ ሰው ያንን ገንዘብ ከኪሱ ማውጣት ለምዷል። ከዚያ ላይ 700ው ወደ ቁጠባ እንዲዞር፣ 1,000ው እንዲቀርለት ሐሳብ ያቅርቡለት። ከደመወዝ የሚቆረጥ ከሆነ የቅጹ ለውጥ አንድ ፊርማ ነው። ለልጅ ትምህርት ወይም ለቤት መሥሪያ የሚል የራሱ ስም ያለው የፈቃደኝነት ቁጠባ ካላችሁ ደግሞ ይቀላል፤ ስም ያለውን ገንዘብ ሰው ቶሎ አያወጣም።

ለሚለቁት አጭር ቅጽ አዘጋጁና ምክንያቱን ምልክት ያድርጉ፦ ብድር ዘገየ፣ ዋስ አጣሁ፣ የሥራ ቦታ ቀየርኩ፣ የቁጠባው ወለድ ከኑሮ ውድነቱ ጋር አይሄድም። የመጨረሻው ምክንያት በእርስዎ ደረጃ የሚፈታ አይደለም። ከ10 ለቃቂዎች አራት አምስቱ እሱን ካሉ ግን ለሥራ አመራር ኮሚቴው በጽሑፍ ያቅርቡ።

የለቃቂውን ገንዘብ ደግሞ ደንቡ ባለው ቀን መልሱ፤ አታመላልሱት። «ገንዘባችንን ከለከሉን» የሚለው ወሬ ሰፈር ውስጥ ሲነሳ ሊለቁ ያላሰቡትም ይመጣሉ። በሰላም የተሸኘ አባል ይመለሳል፤ ወንድሙንም ይልካል።

ከደሴ ዙሪያ፦ የገበሬዎች ሁለገብ ኅብረት ሥራ ማኅበር ሠራተኛ ነኝ። ጠቅላላ ጉባኤ በጠራን ቁጥር ምልዓተ ጉባኤ አይሞላም። ሁለቴ ተበትኗል።

መጀመሪያ ከስንት እንደሚቆጥሩ ይመልከቱ። መዝገቡ ላይ 900 ስም ካለ ግማሽ ሲደመር አንድ 451 ነው። ከ900ው 300ው የሞቱ ወይም የለቀቁ ከሆነ በሕይወት ካሉት 600 ውስጥ ሦስት አራተኛው ካልመጣ ጉባኤው አይሞላም ማለት ነው። መዝገቡን ለማጽዳት 1,200 አባላት ላሉት የአዲስ አበባ ማኅበር የሰጠነውን መልስ ያንብቡ። ስም ለመሰረዝ ግን በጓዳ አይሁን፦ ለአባሉ ወይም ለወራሹ በጽሑፍ ይገለጽ፣ በደንቡ የተቀመጠው ጊዜ ይጠበቅ፣ ኮሚቴው በቃለ ጉባኤ ይወስን፣ ቅሬታ ያለው ለጉባኤው እንዲያቀርብ ይነገረው። የሟች ዕጣ የወራሾች ጉዳይ ነው፤ ስሙ ቢወጣም ገንዘቡ አይጠፋም።

ቀኑም ጥያቄ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ኦዲቱ ወራት ይፈጃል፣ ጉባኤው ኅዳር ላይ ይወድቃል። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ ማን ይመጣል? ጥር መጨረሻ ወይም የካቲት የተሻለ ነው፤ ገበሬው እህሉን ሸጦ እጁ ላይ ገንዘብ ስላለ ውዝፍ መዋጮም ይሰበሰባል። የገበያ ቀን አይሁን። በየወሩ የሚከበሩትን 12፣ 19፣ 21፣ 27 እና 29ን ይተዉ። እናንተ ወሎ ናችሁና ዓርብም አይሁን። ጥሪው በደብዳቤ ብቻ ከሆነ አይሰማም፤ ከሳምንት በፊት በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ፣ በዋዜማው ደግሞ በየጎጡ ይነገር።

አጀንዳውን ገልብጡት። የትርፍ ክፍፍል መጨረሻ ላይ ይሁን፣ ድምፅ የሚፈልገው ጉዳይ መጀመሪያ። ሰው ክፍፍሉን ሰምቶ ከወጣ በኋላ የደንብ ማሻሻያ ብታቀርቡ የምትወስኑት ከወንበር ጋር ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»ን በሦስት ተናጋሪ አፍ የሚያሰማ የመክፈቻ ሥነ ሥርዓትም ከግማሽ ሰዓት አይለፍ።

ከሐዋሳ፦ የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። ኮሚቴው የሦስት ወር ውዝፍ ያለባቸውን ስም ዝርዝር በእድሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንድለጥፍ ወሰነ። ሰዉ አፍሮ ይከፍላል ይላሉ።

አባታችን፣ አይለጥፉት። ያፈረው ሰው ከፍሎ አይቀርም፤ ከፍሎ ይወጣል፤ ወይም ሳይከፍል ከግሩፑ ይወጣና ጭራሽ አያገኙትም። ግሩፕ ላይ የተለጠፈ ስም በአንድ ጣት ወደ ሌላ ግሩፕ ይሻገራል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ የሰው ዕዳ ከነስሙ ለሕዝብ መበተን ጸሐፊውን ራሱን ሊያስጠይቅ ይችላል።

የሚሠራው ይህ ነው፦ በግሩፑ ላይ ድምሩን ብቻ ይናገሩ፣ «ከ140 አባል 23ቱ ውዝፍ አለባቸው» ብለው። ለ23ቱ ለየብቻቸው ይጻፉላቸው። ሁለት ሳምንት ዝም ካሉ የሚቀርባቸው የኮሚቴ አባል ቤታቸው ይሂድ። ሥራ ያጣ ወይም የታመመ ከመካከላቸው አይጠፋም፤ በየወሩ በሚጨመር ትንሽ ክፍያ እንዲያቃልል ይስማሙና በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ለቅሶ የደረሰበት ውዝፍ ያለበት ሰው ምን እንደሚደረግለት ከአሁኑ በደንብ ጻፉት። ድንኳን ሊተከል ሲል የሚደረግ ክርክር እድር ያፈርሳል።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ፦ የኢትዮጵያውያን ኮሚዩኒቲ ማኅበራችን እስከዛሬ በበጎ ፈቃደኞች ነበር የሚሠራው። አሁን የመጀመሪያዋ ተከፋይ ዳይሬክተር እንድሆን ቦርዱ ጠየቀኝ። ምን ላጣራ?

ሦስት ወረቀት ይጠይቁ። የመጀመሪያው ከአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት (አይ.አር.ኤስ.) የተሰጠው፣ ማኅበሩ ከግብር ነፃ መሆኑን የሚያረጋግጠው የ501(ሲ)(3) ደብዳቤ ነው። ሁለተኛው ማኅበሩ በየዓመቱ ለአይ.አር.ኤስ. የሚያቀርበው ሪፖርት፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ፎርም 990 ነው። ገቢያቸው በአብዛኛው ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ማኅበራት አጭሩን ፎርም 990-ኤን በኢንተርኔት ይሞላሉ፤ ከዚያ በላይ ሆኖ ከ200,000 በታች ገቢና ከ500,000 በታች ንብረት ያለው 990-ኢዜድ መሙላት ይችላል። በጀታቸው በጃንዋሪ ለሚጀምር የመጨረሻ ቀኑ ሜይ 15 ነው። ሦስት ዓመት በተከታታይ ያልሞላ ማኅበር ከግብር ነፃ መሆኑን ወዲያውኑ ያጣል። በበጎ ፈቃደኛ በሚሠሩ ማኅበራት የተለመደው ችግር ይህ ነው፦ ገንዘብ ያዡ ይቀየራል፣ የይለፍ ቃሉ ከሱ ጋር ይሄዳል፣ ማንም አያስታውስም።

ሦስተኛው ደመወዝዎ ከየት እንደሚመጣ የሚያሳይ የ12 ወር በጀት ነው። 150 ቤተሰብ በዓመት 120 ዶላር ቢከፍል 18,000 ነው፤ ለዳይሬክተር አይበቃም። ቀሪው ከእርዳታ ገንዘብ ከሆነ ፈንዱ በእጅ ነው ወይስ ገና የተጠየቀ? በ45,000 ዶላር ቢቀጠሩ ማኅበሩ ለሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር (ለጡረታና ለአረጋውያን ሕክምና) 7.65 በመቶ፣ ማለትም 3,442 ዶላር ተኩል፣ በራሱ በኩል ይጨምራል። «በ1099 እንክፈልሽ»፣ ማለትም እንደ ግል ተቋራጭ፣ ካሉዎት ሰዓትዎን፣ ቦታዎንና ሥራዎን እነሱ እየወሰኑ ከሆነ እርስዎ ተቀጣሪ ነዎት፤ የሚገባው የተቀጣሪው ቅጽ፣ ደብሊው-2 ነው። ልዩነቱን በኋላ ማኅበሩ ከነቅጣቱ ይከፍላል።

ውልዎ ላይ ትእዛዝ የሚሰጥዎ ሰው አንድ፣ ሰብሳቢው ብቻ፣ መሆኑ ይጻፍ። ዘጠኝ የቦርድ አባል እሑድ ማታ በየተራ ሲደውል ሥራው ያበቃለታል። የሐዘን መዋጮና አስከሬን ወደ አገር ቤት መላኪያ ገንዘብ ከመደበኛው ሂሳብ በተለየ ባንክ ደብተር ይያዝ። ማኅበሩ 501(ሲ)(3) ከሆነ ለምርጫ ተወዳዳሪ መደገፍም መቃወምም አይችልም፤ ይህንን ለቦርዱ በምርጫ ዓመት ሳይሆን አስቀድመው ያስታውሱ። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን የበጋ ውድድር ላይ ጠረጴዛ አቁሞ መመዝገብ ደስ ይላል፤ የሚመዘገበው ሰው ግን ከሌላ ስቴት የመጣ ሊሆን ስለሚችል ዚፕ ኮድ (የሰፈሩን የፖስታ ቁጥር) ሳይቀበሉ አይቁጠሩት። ሥራውን ከወደዱትና ከቆዩበት በአሜሪካ የማኅበራት ሥራ አስኪያጆች ሲኤኢ የሚባል የሙያ ማረጋገጫ አላቸው፤ የሥራ ልምድና ፈተና ይጠይቃል።

ከአዲስ አበባ፦ ሰባት ዓመት የአባላት ኦፊሰር ሆኜ ቆየሁ። ኃላፊ የሚሆነው ሁልጊዜ ከፋይናንስ ክፍል የመጣ ነው። አንዳንዶች «በምርጫው ተወዳደርና ኮሚቴ ግባ» ይሉኛል።

ወንድማችን፣ ተቀጣሪ ሆነው ለኮሚቴ መወዳደር ራስዎን ራስዎ መቆጣጠር ነው፤ ብዙ ደንቦች ይከለክሉታል። መወዳደር ካሰቡ መጀመሪያ ሥራውን ይልቀቁ። ደመወዝ ለአበል እንደሚለውጡ ግን ይወቁት።

ፋይናንሱ የሚያድገው ቦርድ ፊት በየሩብ ዓመቱ ቁጥር ይዞ ስለሚቀርብ ነው። እርስዎም አንድ ገጽ ያዘጋጁ፦ በሩብ ዓመቱ መጀመሪያ የነበሩ ከፋዮች፣ የገቡ፣ የወጡ፣ የቆዩ በመቶኛ፤ ከሥሩ ደግሞ በብር። 30 አባል ከመልቀቅ ቢመለሱና እያንዳንዱ በዓመት 1,200 ብር ቢከፍል 36,000 ብር ነው። በዚያው ገጽ ላይ አንድ አዲስ አባል ለማምጣት የወጣውን (ብሮሹር፣ ትራንስፖርት፣ አበል) ለገቡት ሰዎች ቁጥር አካፍለው ያስቀምጡ። አንድ አዲስ አባል 800 ብር አስወጥቶ፣ ነባሩን ማቆየት የሦስት ስልክ ጥሪ ሂሳብ ብቻ ከሆነ ሠንጠረዡን ማስረዳት አይኖርብዎትም። ገጹን ለሦስት ሩብ ዓመት ሳያቋርጡ ያቅርቡ፤ የደረጃ ጥያቄውን በአራተኛው ላይ፣ በጀት ከመጽደቁ በፊት፣ ግንቦት ውስጥ ያስገቡ።